ከተከለለው መስመር ውጭ፦ ለስኖውቦርድ የሚጓዝ ቡድን ሊያውቀው የሚገባ ሳይንስ

በረዶ ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ከክረምት ዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮውን የሚደበድበው፣ ልጆች ከግቢ ለቅመው ወደ አፋቸው የሚጥሉት፣ ብዙ ሳይቆይም የሚቀልጠው ጠጠር መሰል ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገርበት በረዶ ግን ከዚህ ይለያል። እርሱ በቀዝቃዛ አገሮች እንደ ባዘቶ ለስልሶ የሚወርድ፣ ከወረደም በኋላ ለወራት ሳይቀልጥ ንብብር በንብብር ላይ እየተደራረበ የሚከርም ነው። የእነዚያ አገሮች ነዋሪዎች ይህን በረዶ መጓጓዣም መጫወቻም አድርገውታል። ከጨዋታዎቹ አንዱ ስኖውቦርድ ነው፤ ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ታስረው ከተራራ ወደ ታች የሚንሸራተቱበት ስፖርት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት አንድ አባት ሁለት የስኪ እንጨቶችን አጋጥሞ ለልጆቹ የሠራው መጫወቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ናጋኖ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ለውድድር በቅቷል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩና የሚማሩ ወገኖቻችንም የክፍል ጓደኞቻቸው «ተራራ እንውጣ» ብለው ሲጋብዟቸው ምን ማወቅ እንዳለባቸው ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለዚህ የቡድን ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድና ከተከለለው መስመር ውጭ ያለው አደጋ ከየት እንደሚመነጭ በዝርዝር እንመለከታለን። ከሁሉም በላይ ልናስጨብጥ የምንፈልገው አንድ ነጥብ ነው፦ ከመስመር ውጭ በሚደርስ አደጋ ናዳውን የሚቀሰቅሰውም፣ የተቀበረውን በሕይወት ሊያወጣ የሚችለውም አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑ ራሱ ነው።

መስመሩ ምንን ይከልላል?

በአልፕስ ተራሮች የሚገኙ የስኪ ማዕከሎች የሚንሸራተቱባቸውን መስመሮች በምሰሶ ከልለው በቀለም ይለያሉ። ሰማያዊ ለቀላሉ፣ ቀይ ለመካከለኛው፣ ጥቁር ለአስቸጋሪው ሲሆን እንደ ፈረንሳይ ባሉ አገሮች ደግሞ አረንጓዴ ለጀማሪዎች ተጨምሯል። በእነዚህ መስመሮች ላይ በረዶው በመኪና ይደለደላል፤ ከበላያቸው ያለው ተዳፋት ይጠበቃል፤ አስጊ ሲሆንም ናዳው ሰው በሌለበት ሰዓት በፈንጂ ሆን ተብሎ ይወርዳል፣ ወይም መስመሩ ይዘጋል።

ከምሰሶው አንድ እርምጃ ሲያልፉ ግን ይህ ሁሉ ያበቃል። በረዶው ያልተረገጠና ለስላሳ በመሆኑ ለስኖውቦርድ እጅግ ይስባል። ነገር ግን ማንም አልመረመረውም፣ ማንም አልጠበቀውም። በስዊዘርላንድ በረጅም ጊዜ አማካይ በየዓመቱ ከ20 በላይ ሰዎች በበረዶ ናዳ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት በቤታቸው ወይም በመንገድ ላይ እያሉ ሳይሆን በራሳቸው ፈቃድ በወጡበት ክፍት ተራራ ላይ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ አደጋ ናዳውን የቀሰቀሰው ራሱ ተጎጂው ወይም የጉዞ ጓደኛው መሆኑ ነው።

ናዳው እንዴት ይነሣል?

ለዚህ መልስ ለማግኘት በረዶው በመሬት ላይ እንዴት እንደሚከርም መረዳት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የበረዶ መውረድ አንድ ንብብር ይጨምራል። ነፋስ የነካው ንብብር ይጠብቃል፤ ፀሐይ የነካው ቀልጦ ተመልሶ ይጋገራል። ስለሆነም ተራራው ላይ ያለው በረዶ አንድ ወጥ አካል ሳይሆን እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረበ ነው ማለት እንችላለን።

አሁን በበረዶው ውስጥ ያለውን መጠነ ሙቀት እንመልከት። ከበረዶው ሥር ያለው መሬት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። የላይኛው ገጽ ግን በጠራ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የበረዶው ውፍረት 50 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ ልዩነቱ በአንድ ሜትር 30 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ይህ ልዩነት በሜትር ከ10 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ የውሃ ተን ከሞቀው የታችኛው ክፍል ወደ ቀዘቀዘው የላይኛው ክፍል ይጓዛል፤ በመንገዱም እንደገና ይረጋና ማዕዘን ያላቸው፣ እርስ በርስ በደንብ ያልተያያዙ ክሪስታሎችን ይሠራል። እነዚህ በእጅ ሲዘገኑ እንደ ስኳር ይፈስሳሉ። በበረዶው ገጽ ላይ የተፈጠረ ውርጭም በአዲስ በረዶ ሲሸፈን ተመሳሳይ ደካማ ንብብር ይሆናል።

በዚህ ደካማ ንብብር ላይ ነፋስ ያጠበቀው ንጣፍ ሲቀመጥ ወጥመዱ ተዘጋጀ። የአንድ ሰው ክብደት ንጣፉን አልፎ ደካማውን ንብብር ሲጫን ክሪስታሎቹ ይሰበራሉ። ስብራቱ በሰውዬው እግር ሥር ብቻ አይቀርም፤ ከንጣፉ ሥር በሰከንድ በአሥር ሜትሮች በሚቆጠር ፍጥነት ወደ ጎንና ወደ ላይ ይስፋፋል። ንጣፉ በሙሉ ከሥሩ ተላቅቆ በአንድ ጊዜ ይንሸራተታል። ሰውዬው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሚንሸራተተው ንጣፍ መካከል እንጂ ከጫፉ አይደለም።

መጠኑን በሒሳብ እንገምት። ስፋቱ 50 ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ንጣፍ 1,250 ሜትር ኩብ ይሆናል። የበረዶው እፍግታ በሜትር ኩብ 200 ኪሎ ግራም ቢሆን ክብደቱ 250 ቶን ነው። ይህ በናዳ መለኪያ ትልቅ የሚባል አይደለም፤ ሰውን ለመቅበር ግን ከበቂ በላይ ነው።

የተዳፋቱ ዘዌ

በረዶውን ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል የመሬት ስበት ነው፤ ከስበቱ ውስጥ በተዳፋቱ አቅጣጫ የሚሠራው ድርሻ ደግሞ ከዘዌው ሳይን ጋር አብሮ ያድጋል። የ20 ዲግሪ ሳይን 0.34 ሲሆን የ38 ዲግሪ ግን 0.62 ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ንጣፍ በ38 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የሚጎተትበት ኃይል በ20 ዲግሪ ላይ ካለው ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከ30 ዲግሪ በታች ንጣፉ ከሥሩ ቢላቀቅ እንኳ ሰበቃ ይዞ ያስቀረዋል። ሰው የሚቀሰቅሳቸው የንጣፍ ናዳዎች በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባሉ ተዳፋቶች ላይ የሚነሡት ለዚህ ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ጥቅም እናገኛለን። በረዶው ሥር ያለውን ደካማ ንብብር በዓይን ማየት አይቻልም፤ የተዳፋቱን ዘዌ ግን መለካት ይቻላል። በስዊዘርላንድ የካርታ ድርጅት ካርታዎች ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆኑ ተዳፋቶች በቀለም ተለይተው ይታያሉ። የበረዶው ሁኔታ በሚያጠራጥርበት ቀን ከ30 ዲግሪ በታች ያለውን፣ ከበላዩም ቁልቁል ተዳፋት የሌለበትን ቦታ መምረጥ የማንኛውም ቡድን ቀላሉና አስተማማኙ መከላከያ ነው። ከበላዩ የሚለውን ማጥበቅ እንወዳለን፤ ናዳ ከላይ ወርዶ ሜዳ ላይ የቆመን ሰው ሊቀብር ይችላልና።

ከ5 ውስጥ 3 ማለት ምን ማለት ነው?

በዳቮስ ከተማ አናት ላይ በቫይስፍሉዮህ እ.ኤ.አ. በ1936 የበረዶ ምርምር ተጀመረ። ከዚያ ያደገው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም ዛሬ በክረምት ወራት በየቀኑ ከቀኑ በ11 ሰዓት፣ በእኛ አባባል ከማምሻው በፊት፣ የናዳ መግለጫ ያወጣል፤ በማግሥቱ ጠዋት በ2 ሰዓትም ያድሰዋል። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አንድ የጋራ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ አምስት ደረጃዎችም አሉት፦ ዝቅተኛ፣ መጠነኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛ እና እጅግ ከፍተኛ።

ብዙ ተጓዦች ደረጃ 3ን እንደ ፈተና ውጤት «መካከለኛ» አድርገው ያነቡታል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። አደጋው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር በእኩል እርምጃ ሳይሆን እየተባዛ ያድጋል። በደረጃ 3 በብዙ ቁልቁል ተዳፋቶች ላይ አንድ ሰው ብቻውን ናዳ ሊቀሰቅስ ይችላል። በስዊዘርላንድ ከሚደርሱት የሞት አደጋዎች ትልቁ ድርሻ የሚመዘገበውም በዚሁ ደረጃ ነው። በደረጃ 4 እና 5 ሰው ይፈራል፤ ቤቱም ይቀመጣል። በደረጃ 3 ግን ፀሐይዋ ትወጣለች፣ አዲሱ በረዶ ያብረቀርቃል፣ ሰውም ይደፍራል።

ቡድን የሚያሳስትበት መንገድ

ኢያን ማካመን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ የደረሱ ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን መርምሯል። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ስለ ናዳ የተማሩ፣ የአደጋ ምልክቶችም በፊታቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ምን አሳሳታቸው? ማካመን ያገኘው መልስ የአስተሳሰብ አቋራጮች የሚል ነው። ቦታውን ከዚህ ቀደም ስለሚያውቁት ደኅና ይመስላቸዋል፤ ለመድረስ ያሰቡበትን ጫፍ መተው ይከብዳቸዋል፤ በሌሎች ፊት ተወዳጅ ለመሆን ይሻሉ፤ አንዱን «አዋቂ» አድርገው ይከተሉታል፤ የሌሎችን ዱካ እንደ ማረጋገጫ ይቆጥራሉ፤ ያልተረገጠው በረዶ ሳያልቅ ለመቅደምም ይሽቀዳደማሉ።

በእኛ ባህል ለዚህ ሁሉ የሚስማማ አንድ ቃል አለ፤ ይሉኝታ ነው። በልቡ የፈራው ወጣት «ፈሪ ይሉኛል» ብሎ ዝም ይላል። ጓደኛውም እርሱ ዝም ማለቱን አይቶ ደኅና ነው ይላል። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ ማስረጃ አድርጎ ሁሉም በማያምንበት ተዳፋት ላይ ይሰለፋል።

ለዚህ እውነተኛ ምሳሌ አለን። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል በስተምሥራቅ በሚገኘው ስቲቨንስ ፓስ አካባቢ እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 2012 በስኪና በስኖውቦርድ የተካኑ 16 ሰዎች ተነል ክሪክ ወደሚባለው ከመስመር ውጭ ያለ ሸለቆ ወረዱ። ናዳ ተነሥቶ ሦስቱን ገደለ። አደጋውን በዝርዝር የተረከው የጋዜጣ ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ከዘገባው የምንረዳው በቡድኑ ውስጥ ሥጋት ያደረባቸው እንደነበሩና የቡድኑ ትልቅነት ግን ሥጋቱን አውጥቶ መናገርን እንዳከበደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የስዊዘርላንድና የጣሊያን መረጃዎችን የመረመረ ጥናትም አራትና ከዚያ በላይ ሰዎች ያሉበት ቡድን ከሁለት ሰዎች ቡድን የበለጠ ለናዳ እንደሚጋለጥ አመልክቷል።

ጉዞው ከቤት ይጀምራል

እንግዲህ ስምንት ወይም አሥር ጓደኛሞች ለአንድ ሳምንት ወደ ዳቮስ ለመሄድ አሰቡ እንበል። ማረፊያና ትኬት ከመያዛቸው በፊት ሦስት ነገሮችን በግልጽ ቢነጋገሩ ይበጃቸዋል።

የመጀመሪያው የችሎታ ልዩነት ነው። ማን ጀማሪ፣ ማን ልምድ ያለው እንደሆነ ሳይተፋፈሩ ይለዩ። ጀማሪዎች ሳምንቱን በሙሉ በተከለለው መስመር ላይ ቢያሳልፉ ምንም አይጎድልባቸውም። ከመስመር ውጭ ለመውጣት የሚፈልጉት ከሦስት ወይም ከአራት ባልበለጡ ንዑሳን ቡድኖች ይከፈሉ፤ ብቻውን ግን ማንም አይውጣ፤ ብቻውን የተቀበረን ሰው የሚያወጣው የለምና።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ብዙ የጉዞ ዋስትናዎች ከመስመር ውጭ የደረሰን አደጋ አይሸፍኑም፤ ወይም መሪ ባለሙያ አብሮ ካልነበረ አይከፍሉም። የሄሊኮፕተር ማዳኛ ወጪ የሚሸፈን መሆኑን ውሉን አንብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስመር ውጭ የሚወጣ ቡድን ደግሞ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ያለው የተራራ መሪ ይቅጠር፤ ለብዙ ሰው ሲካፈል ክፍያው ይቀልላል።

ሦስተኛው መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ሊይዝ ይገባል፦ ጠቋሚ ሬዲዮ፣ ተጣጣፊ የመፈለጊያ ዘንግ እና የብረት አካፋ። ሦስቱ አይነጣጠሉም፤ ያለ ሬዲዮ ቦታው አይታወቅም፣ ያለ ዘንግ ጥልቀቱ አይለይም፣ ያለ አካፋ የጠጠረው በረዶ አይቆፈርም። ጠቋሚ ሬዲዮው በ457 ኪሎ ኸርዝ ድግግሞሽ ያለማቋረጥ ምልክት ያስተላልፋል፤ ፍለጋ ሲጀመር ወደ መቀበያ ይለወጣል። ስልክና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ምልክቱን ስለሚያውኩ በማስተላለፍ ጊዜ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር፣ በፍለጋ ጊዜ ደግሞ 50 ሴንቲሜትር መራቅ አለባቸው።

ከእነዚህ በተጨማሪ የአየር ከረጢት ያለው የጀርባ ቦርሳ አለ። አሠራሩን ለመረዳት ከእናቶቻችን ሰፌድ የተሻለ ማስረጃ የለም። የተቀላቀለ ጤፍና ሽምብራ በሰፌድ ሲወዛወዝ ትልልቁ ሽምብራ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጤፉ ከሥር ይቀራል። በሚንቀሳቀስ ናዳ ውስጥም ትልቅ መጠን ያለው አካል ወደ ላይ ያዘነብላል። ከረጢቱ ሲነፋ ሰውን «ትልቅ ፍሬ» ያደርገዋል። በናዳ ክፉኛ ከተያዙ ሰዎች መካከል የተነፋ ከረጢት የሞትን መጠን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ግማሽ ይቀንሳል ማለት ግን ግማሹ ይቀራል ማለት ነው። በገደል ወይም በዛፍ ላይ ለሚወረወር ሰው ደግሞ ከረጢት ብዙ አይረዳውም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ መሣሪያ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ መታጠቅ ብቻውን ዋጋ የለውም። ቡድኑ ከጉዞው በፊት በአንድ ሜዳ ላይ አንዱን ሬዲዮ በቦርሳ ደብቆ፣ ሰዓት ይዞ፣ ፈልጎ ማግኘትን ደጋግሞ ይለማመድ።

በተዳፋቱ ላይ

ጠዋት ከማረፊያ ሲወጡ የዕለቱ መግለጫ ይነበባል፤ አንድ ዋና መንገድና አንድ ቀላል አማራጭ ይመረጣል፤ የመመለሻ ሰዓትም ይቆረጣል። የእያንዳንዱ ሬዲዮ እንደሚሠራ በር ላይ ይፈተሻል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ እንመክራለን፦ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ «አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ ምክንያቱንም እንዲያስረዳ አይገደድም። ይህ ሕግ ቤት ውስጥ ከተስማሙበት ተራራው ላይ ይሉኝታ ቦታ ያጣል።

በመንገድ ላይ አንዳንድ ምልክቶች ያለ ክርክር ወደ ኋላ ያስመልሳሉ። በአቅራቢያ አዲስ የወረደ ናዳ፣ ሲረግጡት «ዉም» የሚል የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ በረዶ፣ ከእግር ሥር የሚሮጥ ስንጥቅ፣ ሌሊቱን በነፋስ ተጠርጎ በተራራው ጀርባ የተከመረ አዲስ በረዶ እንዲሁም ድንገተኛ ሙቀት ናቸው።

ተዳፋቱ ሲወረድ አንድ ሰው ብቻ ይንቀሳቀስ፤ ሌሎቹ ከናዳ መንገድ ውጭ ቆመው በዓይናቸው ይከተሉት። በዚህ ዘዴ ንጣፉ ላይ ያለው ጭነት ይቀንሳል፤ ናዳ ቢነሣም የሚያዘው አንድ ሰው ይሆናል፤ አዳኞቹም ይተርፋሉ። የስኖውቦርድ ተጓዥ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። የስኪ ማሰሪያ ሲጠመዘዝ ይፈታል፤ የስኖውቦርድ ማሰሪያ ግን በራሱ አይፈታም። ስለዚህ ሰሌዳው በናዳ ውስጥ እንደ መልሕቅ እግርን ወደ ታች ይጎትታል።

10 ደቂቃ

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት በስዊዘርላንድ መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀበሩት መካከል በ15 ደቂቃ ውስጥ የወጡት ከ90 በመቶ በላይ እንደሚተርፉ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው አዲስ ትንታኔ ግን ይህ ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አጥሯል። በ30 ደቂቃ በሕይወት የሚገኙት ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳሉ። ዋናው ምክንያት ቅዝቃዜው ሳይሆን የአየር እጦት ነው። የናዳ በረዶ ሲቆም ይጠጥራል፤ የተቀበረው ሰውም የተነፈሰውን ካርቦንዳይኦክሳይድ መልሶ ይተነፍሳል።

በዚህ ጊዜ ሄሊኮፕተር ሊጠሩ ይገባል፤ በአውሮፓ 112፣ በስዊዘርላንድ ደግሞ 1414 ይደወላል። ነገር ግን ጥሪው ደርሶ፣ በረራው ተካሂዶ፣ አዳኞች እስኪወርዱ ድረስ 10 ደቂቃው አብዛኛውን ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ የተቀበረው ሰው ሕይወት ያለው በጓደኞቹ እጅ ነው።

ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ሌላ ናዳ እንዳይመጣ ወደ ላይ ይመልከቱ። ይህን የምንለው በምክንያት ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡና በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ነበሩ። ከዚያም አንድ ሰው ይደውል፤ የቀሩት በሙሉ ሬዲዮአቸውን ወደ መቀበያ ይለውጡ፤ አንድ እንኳ ሳይለውጥ የቀረ ሰው ፈላጊዎችን ወደ ራሱ ይጠራል። ተጎጂው ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቦታ ቁልቁል ፍለጋው ይጀመር። የሬዲዮው መግነጢሳዊ መስክ የተጠማዘዘ ስለሆነ ቀስቱ በቀጥታ ሳይሆን በቅስት ይመራል፤ ይህ ፈላጊውን ሊያስደነግጠው አይገባም። ምልክቱ በበረታበት ቦታ ዘንጉ በየ25 ሴንቲሜትሩ ይተከል። ሰውነት ሲነካ ዘንጉ እዚያው ይቆይና ከቁልቁለቱ በኩል ቁፋሮ ይጀመር። በአንድ ሜትር ጥልቀት የተቀበረን ሰው ለማውጣት ከአንድ ቶን በላይ በረዶ መነሣት ስላለበት ፊተኛው ሲደክም ኋለኛው ይተካው። ፊቱና ደረቱ ቀድመው ይገለጡ፣ አፉ ይጸዳ፣ የማይተነፍስ ከሆነም ወዲያውኑ ትንፋሽ መስጠትና ልብን መጫን ይጀመር።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የበረዶ ናዳ ከሰማይ የሚወርድ መዓት ብቻ አይደለም። ንብብሮችና ክሪስታሎች፣ ዘዌና ክብደት የሚገዙት፣ ሊጠና የሚችል የተፈጥሮ ክስተት ነው። ሆኖም ፊዚክሱን ማወቅ ብቻውን አያድንም። ዕውቀቱ የሚጠቅመው አንድ ወጣት በጓደኞቹ ፊት «ይህ ተዳፋት 35 ዲግሪ ነው፣ ዛሬ ደረጃ 3 ነው፣ እኔ አልወርድም» ለማለት ሲደፍር፣ ጓደኞቹም ሳያፌዙ አብረውት ሲመለሱ ነው። ተራራው በሚቀጥለው ዓመትም በቦታው ይገኛል። መልካም ጉዞ እንመኛለን።